ሚኒሞ አልይዝ ያለች ሞተርና የቁጠባ ሣጥናችን

(በደብረ ኤልያስ፣ በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከሒሳብና ንብረት ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ሪፖርት ልትሰሙ መጥታችሁ ስለ ካንዴላና ስለ ካርቡሬተር ስናወራ ብትገረሙ አንፈርድባችሁም። ነገሩ ግን ከሒሳብ የወጣ አይደለም። በወጪ መዝገባችን ላይ ከየካቲት ወዲህ «የሞተር ጥገና» የሚል መስመር ሦስት ጊዜ ተጽፏል። ሦስቱም ጊዜ የተነገረን ሕመም አንድ ነው፤ ሞተሯ መንገድ ላይ ደህና ትሄዳለች፣ ልትቆም ስትል ግን ትንቀጠቀጣለች፣ ድምፅዋ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ከዚያ ድርግም ትላለች። አራተኛው ጥያቄ ዛሬ በአጀንዳ ተይዟል፤ ካርቡሬተሩ ሙሉ በሙሉ በአዲስ ይቀየር የሚል ነው። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ከእንቁላሉና ከበርበሬው በየሳምንቱ ተቆንጥሮ ሣጥን የገባው ነው። በዚህ ወር ብድር የሚጠብቁ አባላትም አሉ፤ ካርቡሬተሩ ከተገዛ ተራቸው ይገፋል። ስለዚህ እጅ ከማውጣታችሁ በፊት ኮሚቴው ያየውን ስሙልን።

«እኛ ሞተር ነድተን አናውቅም፣ ይህ የነጂዎቹ ጉዳይ ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። ልጆቹ ይነዷታል እንጂ ባለቤቶቿ እኛ ነን። ደግሞስ ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። በገበያ ቀን፣ ሰውና አህያ በተጋፋበት መንገድ ላይ፣ ነጂው እንዳትጠፋበት ብሎ በአንድ እጁ ነዳጅ እየሰጠ በሌላው ፍሪሲዮኑን ጨብጦ ይቆማል። ያ የፍሪሲዮን እጅ ድንገት ያመለጠ ዕለት ሞተሯ ወደ ፊት ትወረወራለች። ከፊቷ ማን ሊቆም እንደሚችል እናንተው አስቡት። እንቁላሉስ?

መጀመሪያ ቃሉን እንተዋወቀው። መካኒኮች «ሚኒሞ» የሚሉት ከጣልያንኛ የቀረ ቃል ነው፤ ትንሹ፣ ዝቅተኛው እንደ ማለት ነው። እጀታው ሳይጠመዘዝ፣ ማርሽ ሳይገባ፣ ኢንጂኑ ለብቻው ቀስ ብሎ የሚዞርበት ልክ ነው። በእኛ አካባቢ የሚበዙት ባለ አንድ ሲሊንደር ትንንሽ ሞተሮች በዚህ ጊዜ በደቂቃ ከ1,200 እስከ 1,500 ዙር አካባቢ ይዞራሉ። የእያንዳንዷ ትክክለኛ ቁጥር አብሯት በሚመጣው የመመሪያ መጽሐፍ ላይ ይገኛል፤ የእኛ መጽሐፍ በንብረት ክፍሉ ሳጥን ውስጥ፣ ፕላስቲኩ እንኳ ሳይቀደድ ተቀምጧል።

ካርቡሬተር ለኢንጂኑ ነዳጅና አየር ቀላቅሎ የሚያቀብል ዕቃ ነው፤ የሚያቀብለው ግን በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። ነጂው እጀታውን ሲያዞር ነዳጁ በሰፊው መንገድ ይመጣል። እጀታው ሲለቀቅ ሰፊው ይዘጋና ኢንጂኑ ነፍሱን የሚያቆየው በአንዲት ጠባብ የናስ ቀዳዳ በሚመጣ ነዳጅ ብቻ ነው። ቀዳዳዋ የጤፍ ቅንጣት አታሳልፍም። «መንገድ ላይ ደህና፣ ስትቆም ጠፊ» የሚለው አቤቱታ እንግዲህ ብዙ ይነግረናል። ሰፊው መንገድ እየሠራ ነው ማለት ነው። ችግሩ ወይ በጠባቡ መንገድ ላይ ነው፣ ወይ ከማይገባበት የሚገባ አየር አለ፣ ወይ እሳቱ ደክሟል።

የእኛ የሒሳብ ሰዎች አንድ ልማድ አለን። ሚዛኑ አልመጣ ሲል ዘለን ሌባ አንፈልግም። መጀመሪያ ልዩነቱን እናያለን። ልዩነቱ ለ9 እኩል ከተካፈለ ብዙ ጊዜ አንድ ቁጥር ተገላብጦ ተጽፏል፤ 54 በ45 ቦታ ገብቷል እንደ ማለት ነው። ጉድለቱ ራሱ የት መፈለግ እንዳለብን ይጠቁመናል። የሞተርም ሕመም እንዲሁ ነው።

አሁን ወደ ሦስቱ ደረሰኞች እንምጣ። የጋራዡን ስም አንጠራም፤ ሦስቱም ላይ ግን የተጻፈው «ሚኒሞ ማስተካከል» ነው። ካርቡሬተሩ ጎን ላይ አንዲት ብሎን አለች። በካቻቢቴ ስትጠብቅ ኢንጂኑ በፍጥነት ይዞራል፣ ስትላላ ይቀንሳል። ሦስቱም ጊዜ የተደረገው ይቺን ብሎን ከፍ ማድረግ ነው። ለሳምንት ያህል አትጠፋም፤ ከዚያ ትመለሳለች። የሚያፈስ እንስራን ሳይደፍኑ እንደ መሙላት ነው። በዚያ ላይ ሚኒሞዋ ከልክ በላይ ከፍ ያለ ሞተር ቆማም ቤንዚን ትጠጣለች፣ ትግላለች፣ ማርሽ ሲገባ «ቋ» ብላ ትደነግጣለች፣ ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ቢለቁባትም ቶሎ አትበርድም። ለእኛ ደግሞ ትልቁ ጉዳት እውነተኛውን ሕመም መሸፈኑ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ወጣ እንበልና የአንዲት ሴት ታሪክ እናንሳ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1888 በጀርመን አገር በርታ ቤንዝ የምትባል እመቤት ባሏ የሠራውን ባለ ሦስት እግር መኪና፣ እኛ አሁን ባጃጅ የምንላትን የምትመስለውን፣ ባሏ ሳያውቅ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ አስነስታ ከማንሃይም ተነሥታ እናቷ ወዳለችበት ፎርትስሃይም ከተማ ሄደች። መንገዱ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ማደያ የሚባል ነገር ገና ስላልነበረ ነዳጁን የገዛችው ከመድኃኒት ቤት ነው። መንገድ ላይ የነዳጅ ቧንቧው ተደፈነ፤ የባርኔጣዋን መርፌ ነቅላ ጎረጎረችው። የኤሌክትሪክ ሽቦው ልባሱ ሲላጥ በእግር ሹራቧ ማሰሪያ ጠቀለለችው። ፍሬኑ ሲሳሳ ጫማ ሰፊ ጠርታ ቆዳ አስመታችበት። ዛሬ የዓለም የመኪና ታሪክ የመጀመሪያው ረጅም ጉዞ የሚለው ይህን የእሷን ጉዞ ነው። መካኒክ አልነበረችም። የባሏን ሥራ ዓይኗን ተክላ ስታይ የኖረች ሴት ነበረች። (አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለን። እሷ የጎረጎረችው ቧንቧ ነው። የካርቡሬተሯን የናስ ቀዳዳ በመርፌ የነካ ያሰፋታል፤ ከሰፋች በኋላ አትጠብም። በትንፋሽ ወይም በጎማ መንፊያ አየር ነው የምትጸዳው።)

እንግዲህ ፍለጋው ከጥያቄ ይጀምራል። መቼ ጀመራት? ጠዋት ብርድ ላይ ብቻ ከሆነ ሕመም ላይሆን ይችላል፤ ቀዝቃዛ ኢንጂን ነዳጅ የበዛበት ቅልቅል ይፈልጋል፣ ቾክም የተሠራው ለዚያ ነው። ሞቃ ሳለች ቾኩ ሳይመለስ ከቀረ ግን የሚያንቃት እሱው ነው። ከታጠበች ወይም ዝናብ ከመታት ወዲህ ከሆነ የካንዴላው ቆብ ውስጥ ውሃ ገብቷል ማለት ይሆናል። ነዳጅ በተቀዳ ማግስት ከሆነ ነዳጁ ይጠረጠራል። ወራት ቆማ ከሆነ የቆየ ቤንዚን እንደ ሙጫ ይዝለገለግና ጠባቧን ቀዳዳ ይደፍናል። ከጋራዥ በተመለሰች ማግስት ከሆነ ደግሞ ያልጠበቀ ነገር አለ። ይህን ሁሉ ለመጠየቅ አንድ ሳንቲም አይወጣም።

ከዚያ ዓይንና እጅ ነው። ሞተሯ በሚኒሞ እየሠራች መሪውን እስከ ግራ፣ እስከ ቀኝ ማዞር ነው። ድምፅዋ ከጨመረ የነዳጅ እጀታው ገመድ ተወጥሯል ወይም ተጣሟል፤ ካርቡሬተሩ ምንም ጥፋት የለበትም። ሙከራው ሜዳ ላይ ይሁን። መጋዘን ውስጥ በር ዘግታችሁ ሞተር አታስነሡ፤ በጢሱ ውስጥ ሽታ የሌለው መርዝ አለ፣ ሰው ሳይታወቀው ይገድላል።

ቀጥሎ የአየር ፊልትሮ። አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል 15 ኪሎ የሚጠጋ አየር ይፈልጋል። ምጣድ ሥር እንጨት አጭቀን መተንፈሻ ስንነሣው ምን እንደሚሆን ለእናንተ አይነገርም፤ ጢስ ብቻ ነው። በበጋ የእኛ መንገድ አቧራ ፊልትሮውን ሲደፍነው የሚሆነው ይኸው ነው። ፊልትሮው ስፖንጅ ከሆነ በሳሙና ታጥቦ፣ በጥላ ደርቆ፣ በጥቂት የሞተር ዘይት ታሽቶና ተጨምቆ ይመለሳል። ወረቀት ከሆነ ግን አይታጠብም፣ ዘይትም አይነካም፤ ቀስ ተብሎ ይራገፋል፣ ካረጀ ይቀየራል። አንዳንድ ልጆች «ኃይል ይጨምራል» ብለው ፊልትሮውን አውጥተው ይነዳሉ። ያ አቧራ ኢንጂኑ ውስጥ ገብቶ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ብረቱን ይበላዋል። የዚያ ዋጋ ከካርቡሬተርም በላይ ነው።

ነዳጁን በሚመለከት፣ ማደያ ላይ ሲጠፋ በሃይላንድ የሚሸጠውን እንደምንቀዳ እናውቃለን። በውስጡ ምን እንዳለ ግን ፕላስቲኩ አይናገርም። ጥቂት ቤንዚን በንጹሕ ጠርሙስ ቀድቶ ማሳደር ነው። ቤንዚን ከውሃ ስለሚቀል ውሃ ካለበት ሥሩ ላይ ተለይቶ ይታያል። ላምባ ተቀላቅሎበት እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ አንዲት ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ማድረግ ነው። ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ተንኖ ወረቀቱን እንደነበረ ይተወዋል፤ ላምባ ግን የቅባት ምልክት ትቶ ይቆያል። ይህን ስታደርጉ ቡና ከሚፈላበት፣ ከሰል ካለበት ራቁ። ጠርሙሱንም ልጅ የማይደርስበት አኑሩ፤ ቤንዚን ውሃ መስሎት የጠጣ ሕፃን ይጎዳል።

ቀጥሎ ካንዴላው ነው፤ እኛ በጣም የወደድነው እሱን ነው፤ እንደ ደረሰኝ ይነበባልና። ኢንጂኑ ሲበርድ ይፈታል፣ ጫፉ ይታያል። ወተት የነካው ሻይ የሚመስል ቡናማ ከሆነ ቃጠሎው ጤና ነው። ጥላሸት የመሰለ ደረቅ ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቷል ወይም አየር አንሷል። ጥቁር ሆኖ ዘይት ካረጠበው ዘይቱ ከማይገባበት እየገባ ነው፤ ያ ለመካኒክ የሚተው ነው። ከነጣ ደግሞ አየር በዝቷል። ሲመለስ በመጀመሪያ በጣት ይታሰር፤ በመፍቻ ተገድዶ ከገባ ጥርሱን ይበላዋል።

ስለ ከፍታም አንድ ነገር እንበል፤ ብዙ ጊዜ የማይነሣ ስለሆነ ነው። የእኛ ምሥራቅ ጎጃም ከአባይ ሸለቆ ግርጌ፣ 1,000 ሜትር አካባቢ ከሆነው ሙቀት፣ ከ4,000 ሜትር በላይ እስከሚደርሰው እስከ ጮቄ ድረስ ነው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡሬተር ግን ከፍታ አያውቅም። ቆላ ላይ በልክ የተስተካከለች ሞተር ደጋ ስትወጣ ነዳጅ ይበዛባታል፤ ካንዴላዋ ይጠቁራል፣ ሚኒሞዋ ይከብዳል። ከሌላ አገር የተገዛች ሞተር እዚህ ስትደርስ ብትነጫነጭ ወዲያው «ተበላሽታ ሸጡልን» አትበሉ፤ የአየር ብሎኗ እዚህ መስተካከል ይፈልጋል። በኮምፒውተር ነዳጅ የሚረጩት አዳዲሶቹ ሞተሮች ግን ይህን ራሳቸው ያስተካክላሉ። እነሱ ላይ ካቻቢቴ ይዞ የሚመጣ ሰው ካያችሁ ቆም አድርጋችሁ ጠይቁት።

ወደ ራሳችን ሞተር እንመለስ። ኮሚቴው ከሁለቱ ነጂዎች ጋር በሁለት ቅዳሜ ይህንኑ ቅደም ተከተል ተከትሏል፤ አንድ ነገር ስንነካ ሌላውን ሳንነካ፣ ውጤቱን እየጻፍን። ሁለት ነገር አብሮ ከተነካ የትኛው እንዳዳናት አይታወቅም፤ አንድ ቫውቸር ላይ ሁለት ወጪ እንደ መጻፍ ነው። ገመዱ ደህና ነው። ነዳጁ ጠርሙስ ውስጥ አድሮ ንጹሕ ሆኖ ተገኝቷል። ፊልትሮው አቧራ ይዞ ነበር፤ ታጥቦ ተመልሷል፣ ለውጡ ግን ጥቂት ነው። ካንዴላውን ስናወጣው ገረመን። አቧራ ከያዘ ፊልትሮ በኋላ ጥቁር እንጠብቅ ነበር፤ እሱ ግን ነጥቷል። በፊልትሮው በኩል አየር እያነሰ ካንዴላው አየር በዝቷል ካለ፣ አየሩ በሌላ በር ይገባል ማለት ነው። መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ገቢ ሣጥን ውስጥ ሲገኝ እንደሚሆነው ነው፤ ትርፍ ስለሆነ ደስ አይልም።

በካርቡሬተሩና በኢንጂኑ መካከል አጭር ወፍራም የጎማ ቧንቧ አለ። ሲታይ ደህና ነው፤ ጥቁር፣ አቧራ የለበሰ። ሞተሯ በሚኒሞ እየሠራች በዙሪያው ትንሽ ውሃ ረጨንበት። በታችኛው በኩል ውሃው ሲነካው ድምፅዋ ተለወጠ፣ ሲደርቅ ወደ መንቀጥቀጧ ተመለሰች። ሦስት ጊዜ ደገምነው፤ ሦስቱም ጊዜ አንድ ነው። (ለዚህ ቤንዚን የሚረጩ አሉ። እሳት ነው፤ ውሃ ይበቃል።) ቧንቧውን ጎንበስ አድርገን ስናየው ከሥሩ ጥፍር የምታህል ስንጥቅ አገኘን፤ ኢንጂኑ ሲንቀጠቀጥ የምትከፈት፣ ሲቆም የምትገጥም። እጀታው ሲዞር በሰፊው መንገድ ብዙ አየርና ብዙ ነዳጅ ስለሚገባ ያቺ ስንጥቅ ከቁጥር አትገባም። እጀታው ሲለቀቅ ግን ጠባቧ መንገድ ብቻዋን ትቀራለች፤ ያን ጊዜ ስንጥቋ ጌታ ትሆናለች።

እንግዲህ ጉባኤው ይህን ይመልከት። አዲስ ካርቡሬተር ቢገዛ የሚታሰረው በዚያው በተሰነጠቀው ጎማ ላይ ነው። ገንዘቡ ወጥቶ፣ የብድር ተራ ተገፍቶ፣ ሞተሯ በዚያው በመንቀጥቀጧ ትቀጥላለች።

ስለዚህ የኮሚቴው ሐሳብ የካርቡሬተሩ ግዢ ለዛሬ ይቅርና ጎማው ብቻ ከደብረ ማርቆስ ይምጣ የሚል ነው። በፕላስተር ወይም በማስቲሽ እንጠፍንገው የሚል ሐሳብ ከነጂዎቹ መጥቶ ነበር፤ የኢንጂን ሙቀትና ቤንዚን ስለሚያላቅቀው አልተቀበልነውም። ጎማው ሲቀየር ሞተሯ መጮኋ አይቀርም፤ አትደንግጡ። ሚኒሞዋ ሦስት ጊዜ ከፍ ተደርጓልና አሁን ወደ ልኩ መውረድ አለበት። ኢንጂኑ ከሞቀ በኋላ ብሎኗ ቀስ እየተባለ ትላላለች፣ እንደ መጽሐፉ።

ካልዳነችስ? ቀጣዩ ጠባቧን ቀዳዳ አውጥቶ ማጽዳት ነው። ይህ የመካኒክ ሥራ ነው፤ ሲሠራ ግን ከእኛ አንዷ ትቆማለች። የአየር ብሎኗ ከመፈታቷ በፊት ስንት ዙር እንደተከፈተች ይቆጠርና ይጻፋል፤ ያለዚያ ወደ ነበረችበት መመለሻ የለም። ከዚያ ቀጥሎ የቫልቮቹ ክፍተት ይለካል። ክፍተቱ የአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ እጅ አካባቢ ወይም ከዚያ ያነሰ ስለሆነ በዓይን አይገመትም፤ ኢንጂኑ ቀዝቅዞ ሳለ በቀጫጭን የብረት መለኪያ ነው። «በጆሮዬ አውቀዋለሁ» የሚል መካኒክ ካለ ጆሮውን እናከብራለን፣ መለኪያውን ግን እንጠይቃለን። ካርቡሬተር መግዛት ከዚህ ሁሉ በኋላ ይታያል።

ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ «የሞተር ጥገና» የሚል ባዶ መስመር ለክፍያ አይቀርብም። ምን ታየ፣ ምን ተነካ፣ ምን ተቀየረ ተብሎ ይጻፍ፤ የተቀየረው አሮጌ ዕቃ ከደረሰኙ ጋር ለንብረት ክፍሉ ይመለስ። ይህ ለጋራዦችም ክፉ አይደለም፤ በደንብ የሠራ ሰው ሥራው ተጽፎ ቢታይለት ይጠቀማል።

የተሰነጠቀው ጎማ ገና ሞተሯ ላይ ስለሆነ ማየት የምትፈልጉ ከስብሰባው በኋላ ጓሮ ውጡ፤ ውሃና ጣሳ ተዘጋጅቷል፣ ነጂዎቹም እዚያው ናቸው። በቤታችሁ ሞተር ያላችሁ ደግሞ በሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት ይዛችሁ ኑ፤ ፊልትሮ አብረን እናጥባለን። ሳሙናው ከእኛ ነው፣ አሮጌ ጨርቅ ግን ይዛችሁ ኑልን። አሁን ሰብሳቢያችን ድምፅ ያሰጡን፤ ጎማው ብቻ ይገዛ የምትሉ እጃችሁን አውጡ።